የሚስተው ርካሽ የአደን ጠመንጃ፦ ችግሩና መፍትሄው

ሳቬጅ አክሲስ፣ ሩገር አሜሪካን፣ ሞስበርግ ፓትሪዮት። በእጅ እየተቀባበሉ የሚተኮሱ፣ ዋጋቸው ቀለል ያለ ጠመንጃዎች ናቸው። ሲስቱ ሰው ሁሉ በርሜሉን ይረግማል። በርሜሉ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ወጪ የተቀነሰው ሰደፉ (በርሜሉን ከሥር አቅፎ እስከ ትከሻህ የሚደርሰው አካል)፣ ካዝናውና አብሮ የሚሸጠው የማነጣጠሪያ መነጽር ላይ ነው፤ ፍተሻውን ከእነሱ ጀምር። ከሁሉ በፊት ግን ካዝናውን አውጣ፣ መቀርቀሪያውን ሳብና ጎሬው (ጥይቱ የሚገባበት የበርሜሉ የኋላ ጫፍ) ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ።

ጥይቱ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይመታል

መጀመሪያ የመነጽሩን ብሎኖች እይ። ከላይ ያሉትን ብቻ አጥብቀህ እንዳትተወው፤ የሚላላው ብዙ ጊዜ ከመነጽሩ ሥር የተደበቀው ማሰሪያ ነው። ፈትተህ ዘይቱን ጥረግና አምራቹ በጻፈው ልክ እሰር። በጉልበት ካጠበቅከው የመነጽሩ ቱቦ ይጨመቃል፣ ሌላ ጣጣ።

ብሎኑ ደህና ከሆነ ጥፋተኛው ሰደፉ ነው። ፕላስቲኩ ስስ ስለሆነ ይታጠፍና በርሜሉን ይነካል። ወረቀት በሁለቱ መሃል አሳልፍ። ማለፉ ብቻ አይበቃም፤ ስትተኩስ እንደምትደገፈው የሰደፉን የፊት ጫፍ ተጫነውና ድገመው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ከነካ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ ስትተኩስም መደገፊያውን ከጫፉ ይልቅ ወደ ካዝናው አስጠጋው። የመቀርቀሪያውን ቤትና ሰደፉን የሚያያይዙትን ብሎኖችም አትርሳ።

ሦስቱ ጥሩ፣ ከዚያ ይበተናል

ስስ በርሜል ቶሎ ይግላል። እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ በቃ። ለአዳኝ ወሳኙ በቀዝቃዛ በርሜል የሚተኮሰው የመጀመሪያው ጥይት ነው።

በአንዱ ጥይት ያምራል፣ በሌላው አይሆንም

ይሄ ብልሽት አይደለም። 308 ዊንቸስተር የሚባለው ጥይት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ያለ ስለሆነ አረሩ 150 ግሬን የሚመዝነውም 180 ግሬን የሚመዝነውም ይገኛል፣ ሁሉንም እኩል የሚወድ በርሜል ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው 6.5 ክሪድሞር ጥይትም በአብዛኛው በየ8 ኢንቹ አንድ ዙር በሚጠመዘዝ በርሜል ስለሚተኮስ ረጅሙን አረር በደንብ ይይዛል። ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክር፣ የመረጥከውን ያዝ፣ መነጽሩን በእሱ አስተካክል።

ከተኩስ በኋላ መቀርቀሪያው አልነሳም ይላል

ጎሬው ቆሽሾ ወይም ዘይት ቀርቶበት ሊሆን ይችላል፤ አጽዳና አድርቅ። የቀለሁ መቀጣጠያ ጠፍጥፎ ከተገኘ ግን ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው። ያንን ጥይት አቁም፤ በተለይ ባሩዱን ራስህ የሞላኸው ከሆነ።

ካዝናው ጥይት አያቀብልም

ካዝናው እስኪቆልፍ መግባቱን እይ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ሳትሳሳ እስከ ጥጉ ሳብ፤ ግማሽ መንገድ ከመለስከው ጥይት አያነሳም።

ቃታው ቀጭ ይላል፣ ተኩስ የለም

አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሳ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ። የዘገየ ተኩስ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጥይቱን አውጥተህ መቺው (መቀጣጠያውን የሚወጋው መርፌ) የተወውን ምልክት እይ። ጥልቅ ከሆነ ጥይቱ ነው የከሸፈው። ጥልቀት ከሌለው መቀርቀሪያው ሙሉ አልተዘጋም፣ ወይም መቺው ላይ ያለው ቅባት ብርድ አወፍሮታል፤ አጥበህ በጣም ስስ ዘይት ቀባው። ከተለመደው ያነሰ ደካማ «ጵፍ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ግን ቀጣዩን እንዳትተኩስ፤ አረሩ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጥይቱን ሁሉ አውጣ፣ መቀርቀሪያውን ንቀል፣ ከኋላ በኩል አሻግረህ ብርሃን እይ።