ኤጀንቱ ፋይሉን ያጣው በእኔ መግለጫ ነበር

ድሬዳዋ ከዚራ ላለ ቡና ነጋዴ ጉግል ድራይቭ ውስጥ ፋይል የሚፈልግ የኤአይ ኤጀንት (የታዘዘውን በመሣሪያዎች ተጠቅሞ የሚሠራ ፕሮግራም) ሠራሁ። «የቡና ደረሰኝ አምጣ» ሲሉት «የለም» ይላል። ፋይሉ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል! ሁለት ቀን ኮዱን በረበርኩ። ኮዱ ደህና ነው። ኤጀንቱ ደግሞ ኮዱን አያይም፤ የሚያነበው ስለሚጠቀምበት የፋይል መፈለጊያ መሣሪያ የጻፍኩለትን መግለጫ ነው። እሱም «ፋይል ይፈልጋል» ብቻ ይላል።

የድራይቭ የስም ፍለጋ የሚያየው የቃሉን መጀመሪያ ነው። «ሐረርቡና» ተብሎ የተገጠመ ስም በ«ሐረር» እንጂ በ«ቡና» አይገኝም። ይህን በምሳሌ አስረድቼ ጻፍኩለት። በስም ካጣህ በይዘት ፈልግ፣ ወደ ቆሻሻ መጣያ የገባውን ተው፣ የፍለጋው ውጤት ቀጣይ ገጽ ካለውም ጠይቅ የሚል ጨመርኩ። በጣም የረዳው ምሳሌው ነው። ትናንት ነጋዴው ሲጠይቀው ደረሰኙ ወዲያው ወጣ።