መኪና መስታወት ላይ ለሚቀር ነጭ ነጠብጣብ አቼቶ

ድሬዳዋ ውስጥ መኪና ያጠበ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃው ሲደርቅ መስታወቱ ላይ ነጭ ክብ ክብ ምልክት ይቀራል፣ በሳሙና ቢታሽም አይለቅም። ይህ ተራ ቆሻሻ አይደለም። ከከርሰ ምድር ውሃው ጋር የመጣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ራሱ ማለት ነው። ሳሙና የማይነካውን ይህን ቅርፊት አሲድ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ወጥ ቤት ያለው አቼቶ ነው።

መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙና መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። አቧራውን በውሃ አስለቅቁ። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ንጹሕ ጨርቅ ንከሩበት፤ ጨርቁን ከነእርጥበቱ መስታወቱ ላይ አልብሳችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀብቶ ወዲያው ይጠርገዋል፣ አሲዱ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ አሽታችሁ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፤ የመኪናው ቀለምና ጎማው ላይ የፈሰሰውንም ጭምር። ካልለቀቀ ድገሙት። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂም ይሠራል።

አደራ፣ በአሸዋ ወይም በሽቦ አትፈትጉት! ነጠብጣቡ ቢለቅም ጭረቱ አይጠፋም፤ ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ዓይን ያጥበረብራል። አቼቶንና በረኪናንም በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው።

ካጠባችሁ በኋላ ውሃው በፀሐይ እስኪደርቅ አትጠብቁ፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁት።