ለጣና ዳር እጅና እግር፦ ውሃ የማያስገባ የቁስል ፕላስተር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ቁስልን ሳያረጥቡ መዋል ከባድ ነው። መረብ የሚስበው፣ አሣ የሚያጸዳው፣ ታንኳ የሚቀዝፈው፣ ምግብ ቤት ሳህን የምታጥበው፣ እምቦጭ ለመንቀል እስከ ወገቡ ሐይቅ የሚገባው ሁሉ እጁ ከውሃ አይወጣም። ትንሽ ቁርጥ ሲያጋጥመው ፋርማሲ ጎራ ብሎ «ፕላስተር ስጡኝ» ይላል፤ የሰጡትን ለጥፎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ሲያየው ፕላስተሩ ግማሹ ተነሥቷል፣ መሃሉ ረጥቧል፣ ቆዳው ነጭ ሆኖ ተጨማድዷል። ብዙ ጊዜ ችግሩ የፕላስተሩ ርካሽነት አይደለም። ለውሃ ያልተሠራ ፕላስተር ተመርጧል፣ ወይም ለውሃ የተሠራው እንደ ነገሩ ተለጥፏል።

ላዩ ፕላስቲክ የሆነውን ሁሉ ውሃ አያስገባም ብሎ ማመን

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገረው። በየሱቁ በፍሬ የሚሸጠው ቀጭንና ረጅም ፕላስተር ላዩ ፕላስቲክ ነው፤ ውሃ ሲያርፍበት ተንሸራቶ ይወርዳል። ገልብጠው ይመልከቱት። መሃል ላይ ያለው የጨርቅ ንጣፍ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ ይደርሳል፤ ሙጫው ያለው በግራና በቀኝ ብቻ ነው። በቀሩት ሁለት ጎኖች ንጣፉ ክፍት ነው። እጅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው በዚያ በኩል ሰርጎ ንጣፉን ያረሰርሰዋል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ የገባው ውሃ ተንኖ እንዳይወጣ ይዘጋበታል። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ቆዳው አየር እንዲያገኝ ተብሎ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሱ ናቸው። ለደረቅ ሥራ ጥሩ ነው፤ ለሐይቅ ሥራ ግን አይሆንም።

ደቅ ደሴት ዙሪያዋን በጣና እንደተከበበች፣ የሚፈልጉት ፕላስተር ንጣፉም በአራቱም ጎን በሙጫ የተከበበ መሆን አለበት። ይህን ሲገዙ በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ማሸጊያው ላይ ሥዕሉ አለ፣ ከሌለ አንዱን ፍሬ ከፍቶ ማየት ነው። ጥሩዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ከሚባል፣ ቆዳን አሳልፎ ከሚያሳይ ስስ ሽፋን የተሠሩ ናቸው። ይህ ሽፋን ጠብታ ውሃ አያስገባም፣ ከቆዳ የሚወጣውን እንፋሎት ግን ያሳልፋል። ከተራው ፕላስቲክ የሚለየው በዚህ ነው። ፕላስተሩ ሥር ያለው ላብ መውጫ ካጣ ውሃ ከውጭ ባይገባም ቁስሉ ይርሳል።

ማሸጊያው ላይ «ውሃ ይቋቋማል» የሚል ካገኙ፣ እጅ ለመታጠብና ለዝናብ ካፊያ ይበቃል ማለት ነው። እጅን ውሃ ውስጥ ነክሮ ለመዋል «ውሃ አያስገባም» የሚለውን ይፈልጉ፤ እሱንም ቢሆን ገልብጠው ሙጫውን ሳያዩ አይመኑት።

የጨርቅ ፕላስተርም እዚህ ይነሣ። እንደ ልብ ይለጠጣል፣ መገጣጠሚያ ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ለአናጺ፣ ለባጃጅ ሹፌርና ለብስክሌተኛ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ውሃ ሲነካው ግን እስኪመሽ እንደረጠበ ይቆያል።

መጠንና ቅርጽ ሳይለኩ መግዛት

ንጣፉ ከቁስሉ መብለጥ አለበት፤ ሙጫ ቁስል ላይ ማረፍ የለበትም። ከንጣፉ ውጭ ያለው ሙጫም በሁሉም አቅጣጫ ጤነኛ ቆዳ የሚይዝበት በቂ ስፋት ያስፈልገዋል፤ ሙጫው ክር ያህል ከሆነ አንድ ጊዜ መረብ ሲሳብ ይነሣል። ማዕዘኑ ክብ የሆነው ሹል ማዕዘን ካለው ይልቅ ይቆያል። ለጣት አንጓና ለጣት ጫፍ ወገባቸው የቀጠነ፣ ዳርና ዳራቸው የሰፋ ፕላስተሮች አሉ፤ ካልተገኙ የረጅሙን ፕላስተር ሁለት ጫፍ ንጣፉ ሳይነካ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ክንፎቹን አንጓው ላይ አቆራርጦ መለጠፍ ይሠራል። ጣትን ግን ዙሪያውን አጥብቀው አይጠምጥሙት። ጣቱ ካበጠ፣ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ወዲያው ይፍቱት።

በእርጥብ ወይም ቅባት ባለው ቆዳ ላይ መለጠፍ

የፕላስተር ሙጫ የሚይዘው በመጫን ነው፤ በቆዳውና በሙጫው መካከል ውሃ፣ ላብ፣ የአሣ ስብ ወይም ሎሽን ካለ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ያድርቁ። ቫዝሊን መቀባት ጥሩ ነው፣ ንጣፉ ቁስሉ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ግን ቁስሉ ላይ ብቻ፣ በስሱ። ፕላስተሩን ሳይወጥሩ ያሳርፉትና ለአንድ ደቂቃ ያህል በመዳፍ ይጫኑት። የመዳፍ ሙቀት ሙጫውን ያለሰልሰዋል። መገጣጠሚያ ከሆነ ጣቱን ትንሽ አጥፈው ይለጥፉ። ለጥፎ እዚያው ውሃ ውስጥ መግባት የተለመደ ነው፤ እባክዎ ጥቂት ይታገሡ፣ ሙጫው ቆዳውን የሚጨብጥበት ጊዜ ይስጡት።

ቆሻሻን አሽጎ መዝጋት

ውሃ የማያስገባ ፕላስተር ከውጭ የሚመጣውን ይከላከላል፣ ውስጥ የቀረውን ደግሞ ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ከመለጠፍ በፊት ያለው እጥበት ከፕላስተሩ ምርጫ ይበልጣል። በቧንቧ ውሃ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ እያፈሰሱ፣ ዙሪያውን በሳሙና ይጠቡ። ታንኳ ላይ ሆኖ በሐይቁ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ መለጠፍ እጥበት አይባልም፤ በተለይ በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈሩን ሁሉ ይዘው በሚገቡበት ጊዜ። ደም ካለ ንጹሕ ጨርቅ አድርገው ለ10 ደቂቃ ሳይገልጡ ይጫኑት።

የቡና ዱቄት መነስነስ ከየቤቱ አልጠፋም። ደሙን ያቆመ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁስሉ ውስጥ ባዕድ ነገር ይጨምራል፣ በላዩ ፕላስተር ሲታሸግበት ደግሞ ለማመርቀዝ ይመቻል። የጥርስ ሳሙናም፣ ከፍቶ የሚነሰነስ የአንቲባዮቲክ እንክብል ዱቄትም ያው ነው። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስሉ ውስጥ ሲገቡ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይጎዳሉ።

አሣ አጥማጆች እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ። አምባዛ በደረቱ ክንፍ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፣ ቀረሶም በጀርባው። የእሾህ ውግት ከላይ ሲያዩት ነጥብ ነው፤ ጥልቀቱ ግን አይታይም። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ አጥብቆ ማሸግ አደገኛ ነው። ደህና አድርጎ ማጠብ፣ በስስ ጎዝ ላላ አድርጎ መሸፈን፣ እሾህ ተሰብሮ ቀርቶ እንደሆነ ማስታየት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ለቆሸሸ ወይም ለጥልቅ ቁስል፣ ከመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈ ማጠናከሪያ ይሰጣል። ውሻ ከነከሰ ደግሞ የፕላስተር ነገር ጨርሶ አይነሣ፤ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ሳያሽጉ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ፕላስተር ከቢልሃርዚያ ያድነኛል ብሎ ሐይቅ መግባት

አያድንም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ቀንድ አውጣዎች ከሚኖሩበት ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚወጣው የበሽታው እጭ ቁስል አይፈልግም፤ ምንም ያልሆነ ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ቁርጡን አሽገው እግርዎን ራቁቱን ሐይቅ ውስጥ ካቆሙ መንገዱን አልዘጉም። እምቦጭ ለመንቀል የሚገባ ሰው የሚያስፈልገው ረጅም የጎማ ቦቲና ጓንት ነው፤ ሐይቅ ገብቶ የሚሠራ ሰውም መመርመር አለበት፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል አለና።

ውሃ የቋጠረውን እንደ ቁርጥ ማየት

መቅዘፊያ የያዘ መዳፍ ውሃ ይቋጥራል፤ ለበዓል የተገዛ አዲስ ጫማም ተረከዝ ይልጣል፤ ጢስ ዓባይ ወርዶ ድንጋይ ለድንጋይ የሄደ እግርም እንዲሁ። ቁርጥ የሚመጣው ከስለት ነው፣ ይሄ የሚመጣው ከመፋተግ ነው። ተራ ፕላስተር ሲለጠፍበት ንጣፉ ራሱ ወዲያና ወዲህ እያለ ፍትጊያውን ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ስህተት ማፍረጥ ነው። ላዩ ላይ ያለው ቆዳ ካልተቀደደ ከየትኛውም ፕላስተር የተሻለ ሽፋን ነው። ከፈረጠም ቆዳውን ቀድደው አይጣሉት፤ አጥበው በቦታው መልሰው ያስተኙት።

ለዚህ የሚሆነው ሃይድሮኮሎይድ የሚባለው፣ ወፈር ብሎ ለስላሳ የሆነው ፕላስተር ነው። ለብቻው ንጣፍ የለውም፤ ራሱ ፈሳሹን እየጠጣ ወደ ጄል ይለወጣል፣ ፍትጊያውንም ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ እንዳሳየው፣ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ለአየር ተጋልጦ ቅርፊት ከሠራው በሁለት እጥፍ ያህል ፍጥነት ቆዳ ይለብሳል። ቁስል ይድረቅ ብለው ፀሐይ ላይ ለሚያቆዩ ሰዎች ይህን ደጋግሜ እነግራለሁ። ቁስሉ የራሱን እርጥበት ይፈልጋል፤ የሐይቁን አይፈልግም።

ሃይድሮኮሎይዱን በመዳፍዎ መካከል ጥቂት አሙቀው፣ ከተጎዳው ቦታ በደንብ የሚያልፍ መጠን መርጠው ይለጥፉ። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ መሃሉ ነጭ ሆኖ ያብጣል። ብዙ ሰው መግል መስሎት ደንግጦ ይልጠዋል፤ ጄሉ ነው። ጠርዙ እስኪነሣ ወይም እስኪያፈስ ለቀናት ይተዉት፣ በየቀኑ ካነሡት የበቀለውን ቆዳ አብሮ ያነሣል። ባመረቀዘ ቁስል ላይ ግን አይለጠፍም፤ የስኳር በሽታ ያለበት ሰውም እግሩ ላይ ሳያማክር አይለጥፍ፤ ስሜቱ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል የሚብሰውን አያውቀውም።

በየፋርማሲው አይገኝም፣ ዋጋውም ከተራው ይወደዳል። ካልተገኘ ቫዝሊን የተቀባ፣ የማይጣበቅ ጎዝ አድርጎ በላዩ በጥቅል ፕላስተር ማሰር ያገለግላል። ዘጌ ላይ ገዳማቱን ለመሳለም የሚሄድ ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማውን እንደሚያወልቅ ያስብ፤ በባዶ እግር ሲራመዱ ከውስጥ እግር ሥር ያለ ፕላስተር ጠርዙ ይጠቀለላል። ተረከዝዎ እንደሚላጥ ካወቁ ከጉዞው በፊት፣ ቆዳው ገና ደህና ሳለ ይለጥፉ።

ውሃ አያስገባም ብሎ መርሳት

ተራውን በየቀኑ፣ ውሃ የገባበትን ደግሞ ያኔውኑ ይቀይሩ። ሲያነሡት ሽቅብ አይንጠቁት፤ ጠርዙን በዘይት ወይም በሳሙና ውሃ አርሰው፣ ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ፣ ከቆዳው ሳያርቁ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይጠቅልሉት። በፕላስተሩ ቅርጽ ልክ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣ ሙጫው ወይም ላቴክስ የሚባለው ጎማ አልተስማማዎትም፤ ዓይነቱን ይለውጡ።

የማመርቀዝ ምልክት ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው መቅላት ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ከአካባቢው ጠቆር ብሎ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል። ስለዚህ በእጅ ጀርባ ይዳስሱት። ከትናንቱ ይበልጥ ከሞቀ፣ ካበጠ፣ ሕመሙ ከጨመረ፣ ከሸተተ ወይም መግል ከያዘ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ ቅልጥም የሚወጣ መስመር ወይም ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አፉ የተከፈተ ቁርጥም መሰፋት እንጂ መለጠፍ አይደለም የሚያስፈልገው።

ማሸጊያውንና ማስቀመጫውን አለማየት

በፍሬ ሲገዙ የእያንዳንዷ ወረቀት ዙሪያዋን የታሸገች መሆኗን፣ ቀኗም አለማለፉን ይዩ። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ ሙጫ ይደርቃል ወይም ይቀልጣል፤ የባጃጅ መስታወት ሥር የተወረወረውም እንደዚያው። ለታንኳ ክዳኑ የሚገጥም ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ወጥ ቤት ለሚሠሩ ደግሞ ሰማያዊ ፕላስተር አለ፤ ሰማያዊ የሆነው ምግብ ውስጥ ቢወድቅ ቶሎ እንዲታይ ነው። አሣ የምታጸዱ እናቶችና እኅቶች በእሱ ላይ ጓንት ደርቡበት።