በጸደይ ወጀብ ሰሞን ባሕር ዳርና ጣና ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

መጋቢት ሲጋመስ ባሕር ዳር መሞቅ ትጀምራለች። ሚያዝያ ይብሳል፤ ሙቀቱ ቀን ቀን 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ዝናቡ ግን ገና ነው። በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ውስጥ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ ሰው በዚህ ወቅት ዘና ይላል፤ ጃንጥላ እንኳ የሚይዝ የለም። የጸደይ ዝናብ ግን ቢያንስም ጠባዩ ኃይለኛ ነው። መብረቅ አለው፣ በረዶ አለው፣ ድንገት የሚነሳ ንፋስ አለው። በየዓመቱ የሚደጋገሙትን ስህተቶች ላንሳ፤ ሐይቁ ላይ ያለው በጣም ስለሚያሳስበኝ እሱ ላይ ረዘም እላለሁ።

የወቅቱን ትንበያ እንደ ነገ ትንበያ መስማት

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግ ትንበያ ሲያወጣ የሚናገረው ስለ ወራት ድምር ነው። ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ የየአንዳንዱን ዕድል በመቶኛ ይሰጣል። "ከመደበኛ በታች" ሲባል "ዘንድሮ ወጀብ የለም" ብሎ መተርጎም አደጋ አለው። ወሩ ደረቅ ሆኖ ከርሞ አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ በረዶ ማንጎውን ሁሉ ሊያረግፈው ይችላል። ደግሞም የበልግ ወሬ በብዛት የሚመለከተው ባሌና አርሲን፣ ደቡብ ወሎንና ሰሜን ሸዋን፣ የደቡቡን ክፍል ነው። እዚያ በበልግ ይዘራል። ጣና ዙሪያ ዋናው ክረምቱ ነው።

ስልክ ላይ ያለችውን ፀሐይ አምኖ መውጣት

የስልክ መተግበሪያዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ምድርን በካሬ በካሬ የሚከፋፍል የዓለም አቀፍ ስሌት ነው። አንዱ ካሬ ጎኑ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። አንድ የነጎድጓድ ደመና ደግሞ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ከስሌቱ ወንፊት በቀላሉ ያመልጣል። ባሕር ዳር ፀሐይ ሆኖ ዘጌ ላይ ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ስልኩን እዩ፣ ግን ቀና ብላችሁ ሰማዩንም እዩ።

"ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ የለ? ማታ እንመለሳለን" ማለት

ጠዋት ጣና መስታወት ይመስላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። ሞቃቱ አየር ወደ ተራሮቹ ሽቅብ ይወጣል፣ የሐይቁንም እርጥበት ይዞ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው በጉና ተራራ ላይ ደመናው ይቆለላል። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል። የብሱ ይቀዘቅዛል፣ ንፋሱም ከየብስ ወደ ሐይቁ ይዞራል። ተራሮቹ ላይ ዝናብ የሚበረታው ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ሲሆን ሐይቁ ዳር ግን ሌሊት የሚበረታው ለዚህ ነው። ጠዋት ያያችሁት ጸጥታ ስለ ማታው ምንም አይነግራችሁም።

ሌላም አለ። ጣና ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ንፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ትንሽ ጀልባ ከአንዱ ሳትነሳ ሁለተኛው ይመታታል። የደንገል ታንኳ አትሰጥምም የሚሉ አሉ። ደንገሉ ይንሳፈፋል፣ እውነት ነው፤ የተሳፈረው ሰው ግን አብሮ ይንሳፈፋል ማለት አይደለም።

ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴት ገዳማቱ ስትሄዱ በጠዋት ውጡ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ወደብ ላይ ሁኑ። ጀልባ ነጂው "ዛሬ ይቅርብን" ካለ አትከራከሩት። ገንዘቡን ትቶ ይቅርብን ያለው ያየው ነገር ቢኖር ነው። ላይፍ ጃኬቱንም ከመቀመጫው ሥር አውጥታችሁ ልበሱት፤ እንደ ትራስ የሚቀመጥበት ሰው ብዙ ነው። ማሰሪያውን ሳብ አድርጉ። ዘለበቱ ቀጭ ብሎ ካልያዘ፣ ወይም ትከሻው ላይ ተስቦ ጆሮ ድረስ ከመጣ ሌላ ጠይቁ። ለሕፃን የአዋቂ ጃኬት አልብሶ መሄድ ምንም እንዳላለበሱት ነው፤ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል።

ቀዝቃዛውን ንፋስ ቆሞ መቀበል

ሙቀቱ አድክሞን ሳለ ድንገት ቀዝቃዛ ንፋስ ይመጣል። ሰው "እፎይ" ብሎ ደረቱን ይሰጠዋል። ያ ንፋስ ግን ከወጀቡ ሆድ የወጣ ነው፤ ዝናብ ያቀዘቀዘው አየር ወርዶ መሬት ለመሬት እየቀደመ ነው። የዘንባባው ቅጠል ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይተኛል፣ የመንገዱ አቧራ ይነሳል፣ የረጠበ አፈር ይሸታል፣ የውሃው ፊት ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ ያላችሁ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ዕቃ መሰብሰቡን ትታችሁ ቤት ግቡ።

ዛፍ ሥር፣ ዳስ ሥር፣ ባጃጅ ውስጥ መጠለል

ሐይቁ ዳር ያለ ትልቅ ዋርካ በዝናብ ጊዜ ያጓጓል። በመብረቅ ጊዜ ግን ከእሱ የከፋ ቦታ የለም። የሣር ጎጆም አያስጥልም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1975 በዛሬዋ ዚምባብዌ ከዝናብ ሸሽተው አንዲት ጎጆ ውስጥ የተጠለሉ 21 ሰዎችን አንድ መብረቅ ገድሏቸዋል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በአንድ ቀጥተኛ ምት ብዙ ሰው የሞተበት ብሎ የመዘገበው ይህንን ነው። ባጃጅም ሸራ ነው፤ መኪና አይደለም። የሚሻለው ግንብ ቤት፣ ወይም መስኮቱ የተዘጋ የብረት ጣራ ያለው መኪና ነው።

ብልጭታውን ካያችሁ ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሴኮንድ ካነሰ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል ማለት ነው፤ ቶሎ ግቡ። ዝናቡ ገና እናንተ ጋ አለመድረሱ አያዘናጋችሁ።

የሰው አገር ወጀብ እየፈሩ የራስን መናቅ

ሚያዝያ ሲደርስ በቲክቶክና በቴሌግራም የአሜሪካ አውሎ ንፋስ ቪዲዮ ይዘዋወራል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 እና 4 ቀን 1974 እዚያ 148 ቶርኔዶ ተነስቶ ከ300 በላይ ሰው ሞቷል። ያ የሚሆነው ግን የሰሜኑ ቀዝቃዛ አየርና የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃት እርጥብ አየር ብርቱ የላይ ንፋስ ባለበት ሲገጣጠሙ ነው። እኛ ጋ ያ ቅንብር የለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 ሞዛምቢክን የመታው ኢዳይ የተባለው ሳይክሎንም ጣና አይደርስም፤ ሳይክሎን ምድር ወገብን አይሻገርም። እንዲያውም በዚያ ወቅት ደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳይክሎን ሲበዛ እርጥበቱን ወደዚያ ስለሚስበው የእኛ በልግ ይደክማል።

ለእኛ የሚቀርበው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1888 ሕንድ ውስጥ ሞራዳባድ አጠገብ የወረደ በረዶ 246 ሰው ገድሏል። የጋለ መሬትና ወደ ላይ የቆመ ደመና እኛም ጋ አለ። በረዶው ሲጀምር ልጆች ለመልቀም እንዳይወጡ ያዟቸው።

ዝናቡ አባራ ብሎ ወዲያው መውጣት

ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የተቆረጠ የመብራት ሽቦ ካያችሁ፣ በተለይ ያቆረ ውሃ ውስጥ ከወደቀ፣ አትጠጉት። ሌላው ሰውም እንዳያልፍ ራቅ ብላችሁ ከልክሉና ለመብራት ኃይል ደውሉ።