የማትሪክስ ፕሮቲን ቁራጮችን ይዘው የሕዋስ መጣበቅ ሙከራ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ደሴ ላይ ከአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጋር ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ፊታችን አስቀምጠን እንመለከት ነበር። የፋይብሮኔክቲን (በሕዋሳት ዙሪያ ያለው መረብ፣ ማለትም የማትሪክስ፣ ፕሮቲን) ቁራጭ የተቀቡት ጉድጓዶች የተጣበቁትን ሕዋሶች በሚያቀልመው ክሪስታል ቫዮሌት ደምቀው ወይን ጠጅ ስለሆኑ ተማሪው ደስ ብሎታል፤ ዓይኑ ወደ ዳሩ ረድፍ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ቆይቶም «ዶክተር፣ ምንም ያልተቀባውም ያዘ እኮ» አለኝ። ሕዋስ ፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ መቅረቱ አንድ ነገር ነው፣ የምንመረምረውን ፕሮቲን ለይቶ መያዙ ደግሞ ሌላ ነው፤ በዚህ ሙከራ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ልዩነት ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

የዚያ ቀኑ ስህተት ባዶውን ቦታ አለመሸፈን ነበር። ቁራጩ የጉድጓዱን ወለል ሙሉ በሙሉ ስለማይሸፍን፣ በተለይ ለሕዋስ ማሳደጊያ ተብሎ የተዘጋጀ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ሕዋሱ የተረፈውን ገላጣ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም የከብት ሴረም አልቡሚን አሟሙተው፣ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ያህል አሙቀው፣ ፈሳሹ ስስ ጉም መስሎ ሲደበዝዝ አቀዝቅዘው ይሸፍኑበት። (ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።) ሕዋሱን ከማሳደጊያው የሚነቅለውን ኢንዛይም ትሪፕሲንን ለማስቆም የጨመሩትን ሴረምም አጥበው ያስወግዱ። ሴረም የራሱ ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን (ሌላ ሕዋስ የሚያጣብቅ ፕሮቲን) ስላለው፣ ሳይታጠብ ከቀረ ሕዋሱ የያዘው የእርስዎን ቁራጭ ይሁን የሴረሙን ፕሮቲን መለየት አይቻልም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ቁራጩን እንደ ትንሽ ሙሉ ፕሮቲን መቁጠር ነው። ፋይብሮኔክቲን እያንዳንዳቸው ከ220 እስከ 250 ኪሎዳልተን የሚመዝኑ ሁለት ክንዶች አሉት። ፒየርሽባኸርና ሩኦስላህቲ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ ሕዋስ የሚይዘው አርጂዲ (አርጂኒን፣ ግላይሲን፣ አስፓርቲክ አሲድ) በሚባሉት ሦስት አሚኖ አሲዶች ነው፤ እነዚህም የሚገኙት በፕሮቲኑ ውስጥ ተደጋግመው ከሚመጡት ክፍሎች፣ ሦስተኛው ዓይነት ድግግሞሽ ከሚባሉት፣ በአሥረኛው ላይ ነው። ይሁን እንጂ አልፋ5ቤታ1 የተባለው ኢንቴግሪን (ሕዋሱ ማትሪክሱን የሚይዝበት ተቀባይ) አጥብቆ ለመያዝ በዘጠነኛው ድግግሞሽ ላይ ያለውን አጋዥ ቦታም ይፈልጋል፤ ሌላው ኢንቴግሪን አልፋቪቤታ3 ግን አርጂዲ ብቻ ይበቃዋል። እንግዲህ አሥረኛውን ብቻ ቀብተው ሕዋሱ ላላ ብሎ ቢይዝ፣ «ይህ ሕዋስ የፋይብሮኔክቲን ተቀባይ የለውም» ብለው እንዳይጽፉ። በኮላጅን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቅልጥም ተቀቅሎ ሲበርድ መረቁን የሚያረጋው ጄላቲን፣ የኮላጅን ሦስት ገመድ ተፈትሎ የነበረው በሙቀት ሲፈታ የሚገኝ ነው። ፈትሉ ሲፈታ የኮላጅን ተቀባይ የሆነው ኢንቴግሪን አልፋ2ቤታ1 የሚያውቀው ቅርጽ ይጠፋል፣ ተሸሽጎ የነበረው አርጂዲ ደግሞ ይገለጣል፤ ስለሆነም በጄላቲን ያገኙት ውጤት በኮላጅን ስም ሊጻፍ አይገባም።

መጠንን በክብደት ብቻ ማወዳደርም ያሳስታል። ባለ 120 ኪሎዳልተኑን የመሐል ቁራጭና ባለ 10 ኪሎዳልተኑን አሥረኛ ድግግሞሽ ሁለቱንም በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ካደረጉ፣ ትንሹ በቁጥር 12 እጥፍ ይበልጣል። ንጽጽሩን በሞል (በሞለኪውሎች ቁጥር) ያድርጉ፤ ወለሉ ላይ በእርግጥ የቀረውንም በፀረ እንግዳ አካል ይለኩ፤ አጫጭር ፔፕታይዶች (የጥቂት አሚኖ አሲዶች ሰንሰለቶች) ከትልቅ ፕሮቲን ጋር ካልተያያዙ ፕላስቲክ ላይ በደንብ አይቀመጡምና።

ያው ፔፕታይድ ወለል ላይ ሲቀመጥ ሕዋስን ይይዛል፣ በፈሳሹ ውስጥ ሲሟሟ ግን ተቀባዩን ቀድሞ ስለሚይዘው መጣበቅን ይከለክላል። የሁለቱን ውጤት አንድ ላይ የጻፈ ዘገባ ገጥሞኝ ያውቃል፤ ሲያነቡት ግራ ያጋባል። ለማነጻጸሪያ አርጂኢን (በአስፓርቲክ አሲድ ፈንታ ግሉታሚክ አሲድ ያለበትን) ይጠቀሙ፤ ከአርጂዲ የሚለየው በአንድ የካርቦን እርምጃ ብቻ ስለሆነ ከእሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ኢንቴግሪን ያለ ማግኒዚየም ወይም ማንጋኒዝ አይሠራም። ሕዋሱን ለመንቀል የተጠቀሙበት፣ እነዚህን ማዕድናት የሚያስረው ኢዲቲኤ ካልታጠበ ሁሉም ነገር ባዶ ይወጣል፤ በተቃራኒው ማንጋኒዝ ከበዛ ኢንቴግሪኑ ሁሉ ስለሚነቃ በቁራጮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይሰወራል።

የአገራችንን አየር አለማገናዘብ በመመሪያ ላይ የማይጻፍ ስህተት ነው። «በክፍል ሙቀት ለአንድ ሰዓት» የሚለው መመሪያ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም በወረደበት ጠዋት ክፍላችን ከዚያ በታች ስለሚሆን፣ ፕሌቱን 37 ዲግሪ ላይ ወይም በማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ መቀባት ይሻላል። ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ባለችበት 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሕዋሱን ምግብ ፒኤች በ0.13 ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ ወደ 6.7 በመቶ ማድረስ ይህን ያካክሳል። ጎረቤታችን ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ስለምትል እዚያ የሚያስፈልገው ማስተካከያ ያነሰ ነው።

ሕዋሶቹን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያቆዩ። ብዙ ሰዓት ከቆዩ የራሳቸውን ፋይብሮኔክቲን አውጥተው ወለሉ ላይ ያነጥፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚለኩት የእነሱን ሥራ ነው።

በመጨረሻም ፋይብሮኔክቲንን በኃይል አይናጡት፤ ክር ሆኖ ይዘቅጣል። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ፕሮቲኑ እየቀለጠ እየረጋ እንዳይበላሽ ለአንድ ቀን ሥራ በሚበቃ መጠን በትናንሽ ቱቦ ይከፋፍሉት፤ አንዴ የቀለጠውን ቱቦ መልሰው አያስገቡት።