ሲስተሙ ተገዛ፤ ለምን? የአይቲ ዕቅድን ከድርጅቱ ስትራቴጂ የሚነጥሉ ስህተቶች

ግንቦት ሲጋመስ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የአይቲ ክፍል ስልክ ሥራ ይበዛበታል። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ገንዘቡ ከሚመለስ አንድ ነገር ይገዛበት ይባላል። ሰርቨር፣ ላፕቶፕ፣ ከተገኘም አንድ «ሲስተም»። ሐምሌ ላይ ዕቃው ይገባል፤ ካርቶኑ ሳይከፈት መጋዘን ይከርማል። በሙያው ላይ ስቆይ ደጋግሜ ካየኋቸው ስህተቶች፣ ራሴ የሠራሁትንም ጨምሬ፣ ጥቂቶቹን ላንሳ።

የግዥ ዝርዝርን ዕቅድ ማለት

የአይቲ ዕቅድዎን ያውጡና የዕቃዎቹን ስምና ዋጋ በእጅዎ ሸፍነው ቀሪውን ያንብቡ። የትኛው ሥራ እንደሚፈጥን፣ የትኛው ደንበኛ እንደሚገለገል፣ የትኛው ወጪ እንደሚቀንስ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ከቀረ ዕቅድ አለዎት። ባዶ ወረቀት ከቀረ በእጅዎ ያለው የጨረታ ሰነድ መነሻ ነው።

«ተመራጭ መሆን» በሚል ስትራቴጂ ላይ መገንባት

እዚህ ላይ ጥፋቱ የአይቲው ብቻ አይደለም። «በዘርፉ ተመራጭ ተቋም መሆን» ከሚል ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቃል ምን ዓይነት ሲስተም እንደሚያስፈልግ ማንም ሊያወጣ አይችልም። «ስማርትፎን የሌለው ገበሬ ቅርንጫፍ ድረስ ሳይመጣ እንዲቆጥብ» የሚል ስትራቴጂ ግን ራሱ ይናገራል፦ በተራ ስልክ የሚሠራ አጭር ኮድ ይቅደም፣ ገበሬው የሚናገረው ቋንቋ ይኑር፣ በየወረዳው ወኪል ይገኝ፣ አፑ ይከተል። ግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር ከአፑ ጎን *127#ን ይዞ የሚሠራው አፕ መጫን የማይችል ስልክ የያዘው ሰውም ደንበኛ ስለሆነ ነው። ስትራቴጂው ዝም ካለ የአይቲ ኃላፊው ሄዶ ያናግረው። ሥራው ነው።

እርግጥ ብዙ ጊዜ ኃላፊው ስትራቴጂ ወደሚወጣበት ስብሰባ አይጠራም። አዲስ ቅርንጫፍ እንደሚከፈት የሚሰማው «ነገ ኔትወርክ ዘርጋ» ሲባል ነው።

የሥራውን ልማድ ሳይወስኑ ሲስተም ማስገባት

ሰፊው ችግር ይህ ይመስለኛል። የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ሰንሰለት ሊድል በ2011 እ.ኤ.አ. የዕቃ አስተዳደሩን ሳፕ ወደሚባለው የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ለማዛወር ሥራ ጀመረ። ሊድል የመደርደሪያውን ዕቃ የሚተምነው በገዛበት ዋጋ ነው፤ የሳፕ መደበኛ አሠራር ደግሞ በመሸጫ ዋጋ ነበር። ሊድል ልማዱን አልተውም አለ፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ይቀየር ተባለ። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው እየተነካ ሰባት ዓመት ገደማ ሄደ፤ 500 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ወጣ ተብሎ ከተዘገበ በኋላ በ2018 ሥራው ቆመ። በግዥ ዋጋ መተመን ስህተት አልነበረም። «ይህ ልማድ የሚያተርፈን ነው ወይስ የለመድነው ብቻ?» የሚለው ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ በአለቆች ጠረጴዛ ላይ መወሰን ነበረበት።

እኛም ዘንድ የዚህ ታናሽ ወንድም አለ። ከውጭ የመጣው ኢአርፒ (ሒሳብን፣ ግዥንና ንብረትን በአንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ዓመቱን በፈረንጆቹ ጥር አንድ ብሎ በ12 ወር ይዘጋል፤ የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በመሐል ጳጉሜን አለች። የጳጉሜን ሒሳብ የት እንደሚገባ በውሉ ካልተጻፈ የፋይናንስ ሠራተኛው ተመልሶ ወደ ኤክሴሉ ይሄዳል።

ቀኑን ከገበያው ጋር አለማስታረቅ

የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ በ1990ዎቹ መጨረሻ 112 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲስተም ሲያስገባ 48 ወር የሚፈልገውን ሥራ በ30 ወር ጨርሱ አለ። ሲስተሙ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልክ የሃሎዊን ከረሜላ ትዕዛዝ በሚጎርፍበት ወቅት። ከረሜላው መጋዘን ውስጥ እያለ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ትዕዛዝ ማድረስ አልተቻለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አስመጪም ሆኑ ቸርቻሪ፣ የትንሣኤ ገበያ ሲደራ ወይም የዓመት መዝጊያ ሲደርስ ሲስተም አይቀይሩ።

ዶላሩን መርሳት

የአምስት ዓመቱ ዕቅድ በብር ይጻፋል፤ የላይሰንስ (የሶፍትዌር ፈቃድ) እና የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራዩት ሰርቨር) ክፍያ ግን በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ገደማ ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በስትራቴጂው «ወጪ እንቀንሳለን» ያለ ድርጅት በየዓመቱ የሚታደስ የዶላር ክፍያ ሲፈርም ፋይናንሱ አብሮ ይቀመጥ።

መትከልን ውጤት ማለት

በአንድ ድርጅት የንብረት አስተዳደር ሲስተም አስገብተን «100 በመቶ ተጠናቋል» ብለን ሪፖርት አቀረብን። የድርጅቱ ግብ ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣበትን ጊዜ ማሳጠር ነበር። ከወራት በኋላ ወደ መጋዘን ወረድኩ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው፣ ሞዴል 22ን፣ የዕቃ ወጪ ደረሰኙን፣ በካርቦን አድርገው በእጃቸው ይሞላሉ፤ ከዚያ ያንኑ በአንድ ጣት ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣሉ። ጊዜው አላጠረም፤ እንዲያውም ረዝሟል።

«ጋሼ፣ ለምን ሁለቴ ይጽፋሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀኝ ወረቀቱን ነው። ኮምፒውተሩን የምትጠይቁኝ እናንተ ናችሁ።»

ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። የውስጥ ኦዲትን ለአንድም ስብሰባ አልጠራሁም።