ጃንጎ ከነባር ዳታቤዝ በሚያወጣው ሞዴል ላይ የፎሪን ኪ ግንኙነቶችን እንዴት መሰየም ይቻላል

ለዓመታት ሲሠራበት በቆየ ዳታቤዝ ላይ የጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ፕሮጀክት ስትጀምሩ ሞዴሎቹን፣ ማለትም ቴብሎቹን የሚወክሉትን ክላሶች፣ አንድ በአንድ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። «ኢንስፔክትዲቢ» የሚባለው ትእዛዝ ቴብሎቹን አንብቦ የፓይተን ክላሶችን ያወጣል። ኮለሞቹን በአብዛኛው በትክክል ይይዛል። ችግሩ ያለው የግንኙነቶቹ ስም ላይ ነው፤ ዳታቤዙ የትኛው ኮለም ወደ የትኛው ቴብል እንደሚያመለክት እንጂ ግንኙነቱ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም።

ለምሳሌ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት መሸጫን እንውሰድ። «ትሪፕስ» የሚባለው የጉዞዎች ቴብል ወደ ከተሞች ቴብል «ሲቲስ» ሁለት ፎሪን ኪ (ወደ ሌላ ቴብል የሚያመለክት ኮለም) አለው፦ ለመነሻ «ዲፓርቸር_ሲቲ_አይዲ»፣ ለመድረሻ «አራይቫል_ሲቲ_አይዲ»። (የኮድ ስሞቹን እዚህ በፊደላችን አስቀምጠናቸዋል፤ ፋይሉ ላይ እንደተለመደው በላቲን ይጻፋሉ።)

1. ፎሪን ኪው በእርግጥ መኖሩን አረጋግጡ

ኢንስፔክትዲቢ ከኮለሙ ስም ተነስቶ አይገምትም። «ድራይቨር_አይዲ» የሚባል ኮለም ቢኖርና የፎሪን ኪ ኮንስትሬይንት (ዳታቤዙ ራሱ የሚያስከብረው ደንብ) ካልተደረገበት፣ የሚወጣው ተራ የኢንቲጀር ፊልድ ነው። በማይኤስኪውኤል በማይአይሳም ኢንጂን የተሠሩ የድሮ ቴብሎች ፎሪን ኪን ስለማይዙ ከእነሱ ምንም ግንኙነት አይወጣም፤ እዚያ ፊልዱን ራሳችሁ ወደ ፎሪን ኪ ትቀይራላችሁ። ፖስትግሬስ ላይ ከሆናችሁ የፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ) የቴብል መግለጫ ከታች በኩል ፎሪን ኪዎቹን ይዘረዝራል።

2. ውጤቱን ወደ ሌላ ፋይል አውጡ

የምትፈልጓቸውን ቴብሎች ብቻ ጥቀሱ፦

ፓይተን ማኔጅ.ፓይ ኢንስፔክትዲቢ ትሪፕስ ሲቲስ ድራይቨርስ > ሮው_ሞዴልስ.ፓይ

ውጤቱን በቀጥታ ወደ ሞዴልስ.ፓይ መላክ አደገኛ ነው። ሼሉ ፓይተንን ከማስነሳቱ በፊት ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል። አድሚን.ፓይ ከዚያ ፋይል ክላስ የሚያስገባ ከሆነ ጃንጎ ገና ሲነሳ ይወድቃል፤ የነበረው ሥራም ጠፍቶ ባዶ ፋይል ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

3. የወጣውን አንብቡ

በቅርብ ጊዜ የጃንጎ ቨርዥኖች ሁለቱ መስመሮች እንዲህ ይወጣሉ፦

ዲፓርቸር_ሲቲ = ሞዴልስ.ፎሪንኪ('ሲቲስ', ሞዴልስ.ዱ_ናቲንግ)
አራይቫል_ሲቲ = ሞዴልስ.ፎሪንኪ('ሲቲስ', ሞዴልስ.ዱ_ናቲንግ, ሪሌትድ_ኔም='ትሪፕስ_አራይቫል_ሲቲ_ሰት')

ልብ በሉ፤ «ሪሌትድ_ኔም»፣ ማለትም ከከተማው ወደ ጉዞዎቹ የሚመልሰው ስም፣ የተሰጠው ለሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጃንጎ ራሱ የሚሰጠውን «ትሪፕስ_ሰት» የሚለውን ስም ይዟል። ስለዚህ ከአንድ ከተማ ተነስታችሁ «ሲቲ.ትሪፕስ_ሰት» ብትሉ የከተማዋን ጉዞዎች በሙሉ የምታገኙ ይመስላል፤ የሚመጣላችሁ ግን ከከተማዋ የሚነሱት ብቻ ነው። ምንም ስህተት አይታይም፣ ሪፖርቱ ግን ጎዶሎ ይሆናል። የትኛው መጀመሪያ እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ በቴብሉ ውስጥ ያለው የኮለም ቅደም ተከተል ነው፤ ኮለሞቹ በሌላ ቅደም ተከተል ከተፈጠሩበት ዳታቤዝ ላይ ሞዴሉን ብታወጡት ያው ስም የሚደርሱትን ጉዞዎች ይሰጣችኋል።

የቆዩት ቨርዥኖች ሁለቱንም ያለ ሪሌትድ_ኔም ያወጡና ፕሮጀክቱ በፊልድስ.ኢ304 ስህተት (የመመለሻ ስሞች ሲጋጩ የሚመጣው) ይቆማል። እንደኛ አስተያየት ይህ የተሻለ ነበር፤ ቢያንስ ስም እንድትሰጡ ያስገድዳችኋል።

4. መጀመሪያ ክላሶቹን ሰይሙ

ኢንስፔክትዲቢ የቴብሉን ስም ወደ ነጠላ አይቀይርም፤ ቴብሉ «ትሪፕስ» ከሆነ ክላሱም «ትሪፕስ» ነው። ወደ «ትሪፕ» እና «ሲቲ» ቀይሩ። «ዲቢ_ቴብል» የሚለውን መስመር ግን አትንኩ፣ ከእውነተኛው ቴብል ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። በሌሎች ክላሶች ውስጥ በጥቅስ ምልክት የተቀመጠውን 'ሲቲስ' አብራችሁ መቀየር አለባችሁ፤ አለዚያ ፊልድስ.ኢ300 (የተጠቀሰው ሞዴል የለም የሚል ስህተት) ይመጣል። ይህን ሥራ ያስቀደምነው በምክንያት ነው፦ ጃንጎ በራሱ የሚሰጠው የመመለሻ ስም ከክላሱ ስም ስለሚሠራ ክላሱ ሲቀየር «ትሪፕስ_ሰት» ወደ «ትሪፕ_ሰት» ይለወጣል።

5. የመሄጃውን ስም አስተካክሉ

ከጉዞው ወደ ከተማው የሚወስደው ስም ነጠላ ይሁን፣ ሚናውን ይናገር፣ መጨረሻው ላይ «_አይዲ» አይኑረው። ኮለሙ በ«_አይዲ» ሲያልቅ ኢንስፔክትዲቢ ራሱ ይቆርጠዋል። «ዲፓርቸር_ሲቲ»ን ወደ «ኦሪጅን» መቀየር ካሻችሁ ዲቢ_ኮለም='ዲፓርቸር_ሲቲ_አይዲ' ጨምሩ፤ አለዚያ ጃንጎ «ኦሪጅን_አይዲ» የሚባል ኮለም ይፈልግና ዳታቤዙ የለም ይላል። ኮለሙ ያለ «_አይዲ» የተሰየመ ከሆነ ዲቢ_ኮለም አስቀድሞ ተጽፎ ይመጣል። ትርፍ መስሏችሁ እንዳታጠፉት።

6. ለእያንዳንዱ የመመለሻ ስም ስጡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ራሳችሁን በከተማው ቦታ አድርጋችሁ «እነዚህ ጉዞዎች ለእኔ ምኔ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በብዙ ቁጥር ይጻፋል፦ ለመነሻው ሪሌትድ_ኔም='ዲፓርቲንግ_ትሪፕስ'፣ ለመድረሻው 'አራይቪንግ_ትሪፕስ'። ወደ ሹፌሮች የሚሄደው ፎሪን ኪ አንድ ብቻ ከሆነ 'ትሪፕስ' ይበቃል። ነገ ረዳት ሹፌር የሚይዝ ኮለም ሊጨመር ይችላል ብላችሁ ካሰባችሁ ግን ከወዲሁ 'ድሪቨን_ትሪፕስ' ማለት ያዋጣል።

ወደ ራሱ ቴብል የሚመለስ ፎሪን ኪም በዚሁ መንገድ ይሰየማል። የሠራተኛው «ሱፐርቫይዘር» ወደ ሠራተኞች ቴብል ሲያመለክት የመመለሻው ስም 'ሰቦርዲኔትስ' ይሁን። መዝገቡን ማን እንደፈጠረውና ማን እንዳሻሻለው የሚይዙት ኮለሞች ግን የተለዩ ናቸው። በየቴብሉ ስለሚደጋገሙ፣ ከተጠቃሚው ወደ እነሱ መመለስም እምብዛም ስለማያስፈልግ ሪሌትድ_ኔም='+' ብላችሁ መመለሻውን ዝጉት።

ሁለት ነገር እዚህ ያደናቅፋል። አንደኛ፣ የሰጣችሁት ስም በዒላማው ክላስ ውስጥ ካለ ፊልድ ጋር ከተጋጨ ፊልድስ.ኢ302 ይመጣል፤ ለምሳሌ የጉዞ ብዛት የሚይዝ «ትሪፕስ» የሚባል ኮለም ሹፌሮቹ ቴብል ውስጥ ሲኖር። ሁለተኛ፣ ሪሌትድ_ኔም የመመለሻውን ብቻ ሳይሆን የፊልተሩንም ስም ይቀይራል። ቀድሞ «ትሪፕ__ዴት» ብሎ ይፈልግ የነበረ ኮድ አሁን «ዲፓርቲንግ_ትሪፕስ__ዴት» ካላለ በፊልድ ኤረር ይወድቃል። የተጻፈ ኮድ ካለ የድሮውን ስም በመላው ፕሮጀክት ፈልጉ፤ ቴምፕሌቶችንም አትዝለሉ፣ እዚያ የተሳሳተ ስም ስህተት ሳያሳይ ባዶ ሆኖ ያልፋል።

7. ፈትሹ

ፓይተን ማኔጅ.ፓይ ቼክ የስም ግጭቶችን ይይዛል። መነሻና መድረሻን አቀያይራችሁ ብትሰይሙ ግን አያውቅም። ስለዚህ ሼል ክፈቱና ብዙ ጉዞ ያላትን አንድ ከተማ፣ ለምሳሌ ሐዋሳን፣ ውሰዱ። የ«ዲፓርቲንግ_ትሪፕስ» ብዛትን በቀጥታ በኤስኪውኤል በ«ዲፓርቸር_ሲቲ_አይዲ» ከቆጠራችሁት ጋር አነጻጽሩ። መነሻና መድረሻው እኩል ቁጥር ያላት ከተማ አትምረጡ፤ ስህተቱን ትደብቃለች።

8. ዳታቤዙ ሲለወጥ

አዲስ ኮለም ሲጨመር ትእዛዙን እንደገና ወደ ሮው_ሞዴልስ.ፓይ አስኪዱ። ይህ ፋይል በጊት ውስጥ ሳይነካ ከቆየ፣ ጊት ዲፍ የዳታቤዙን ለውጥ ብቻ ነጥሎ ያሳያችኋል። ያንን ለውጥ በእጅ ወደ ሞዴልስ.ፓይ አሻግሩ። ዲፉ ውስጥ «_ሰት» ተብሎ የሚያልቅ አዲስ ሪሌትድ_ኔም ካያችሁ፣ ወደዚያው ቴብል ሌላ ፎሪን ኪ ተጨምሯል ማለት ነውና ቀድሞ የነበረው ስም አሁንም በቂ መሆኑን አብራችሁ ተመልከቱ።